ባለ አንድ ዓይን ፈረሰኞቼ

አኳራጅ የሸተተኝ ቦታ ሁሉ እግሬ ቀጥ ይላል። ሌላው ሰው የሽቶ መዓዛ ሲያልፍበት የጉርምስና ፍቅሩ ትዝ ይለዋል አሉ፤ የእኔን ልብ የሚያባባው ግን የቀለም ማቅጠኛ ነው። ምን ይደረግ፣ ለሁሉም እንደ ዕድሉ ነው። በቅርቡ፣ ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ ለአጥር በራችን ቀለም ልገዛ ወጣሁ። ባለቤቴ ብርቱካን «በሩ ዛገ፣ የመምህር ቤት አይመስልም» እያለች ሁለት ወር ሙሉ ስትነዘንዘኝ ከርማለች። ጡረታ የወጣ ባል ሥራ ካልተፈጠረለት የሚበላሽ ይመስላታል። ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ላይ፣ የፈረስ ጋሪዎች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት፣ አንድ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ አለ። እዚያ ስገባ ሻጩ የአንዱን ጣሳ ክዳን ፈንቅሎ ለደንበኛ እያሳየ ነበር። ሽታው አፍንጫዬ እንደደረሰ የስልሳ ምናምን ዓመቱን ሰውዬ እዚያው በር ላይ ትቼው ገባሁ።

ደንበኛው ጋቢ የደረቡ፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። «ከዚህ ያነሰ ጣሳ የለህም ወይ ልጄ? ነጩን ለዓይን ብቻ ነው የምፈልገው» ይላሉ። ሻጩ ደነገጠ። «አባቴ፣ ይሄ እኮ የበር ቀለም ነው! ዓይን ያጠፋል!» «የእኔን ዓይንማ ሐኪሞቹ ጨርሰውታል። ለሥዕል ዓይን ነው የምልህ» አሉና የጣሳውን ቁመት ሊለኩ እጃቸውን በስንዝር ዘረጉ። ያን ጊዜ አወቅኋቸው። ፊታቸውንማ ጺምና መነጽር ውጦታል፤ ያወቅሁት እጁን ነው። ከአውራ ጣቱ እስከ ትንሿ ጣቱ ያለው ርቀት ለከት የለውም። በዚያ እጅ የተነሣ ከባለቤቱ ጋር ስንት ቀን ተኮራርፌአለሁ!

«አንማው?» አልኩ። አንቱታው እዚያው ቀረ።

«ማነው?» ብሎ ዞረ።

«ስሜነህ ነኝ።»

«የቡሬው ስሜነህ?» ፊቱን ወደ እኔ አስጠጋ። «ድምፅህ መች ተለወጠ! ዛሬም ልትከራከር የመጣህ ነው የምትመስል።»

ተቃቀፍን። ከተለያየን ሃምሳ ዓመት ሊሞላን ምንም ያህል አልቀረንም ነበር። ሻጩ የተከፈተ ጣሳ ይዞ ሁለት ሽማግሌ መደብሩ መሀል ሲላቀሱ ቆሞ ያያል። እኔ ግን ደስታዬ ውስጥ ፍርሃት ነበረበት፤ ይህን ሰው ሃምሳ ዓመት ያላየሁት መንገድ ርቆኝ አይደለም። ፈርቼው ነው። ለምን እንደፈራሁት ለመናገር ቡሬ ድረስ መመለስ አለብኝ።

ያኔ ቡሬ መንገዷ አንድ፣ ሆቴሏ ሁለት፣ ጭቃዋ ግን ለሦስት ከተማ የሚበቃ ነበር። እንዲህ ስል የቡሬ ልጆች ይቆጡኛል፤ ይቆጡ፣ ጭቃውን በኮንጎ ጫማ የረገጥኩት እኔ ነኝ። ኮንጎ ለማያውቅ የላስቲክ ጫማ ነው፤ በበጋ እግር ይቀቅላል፣ በክረምት ውሃ ይቋጥራል። ከላዩ ካኪ ቁምጣ፣ ከቁምጣው በላይ ከአባት የተወረሰ ኮት፣ ከኮቱ በላይ በሚዶ ተበጥሮ የቆመ ጎፈሬ። ትልልቆቹ ተማሪዎች እግሩ የሰፋ ሱሪያቸውን ለብሰው መንገዱን ሲጠርጉት ዓይናችን ይከተላቸዋል። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ አሥራ አምስት። ስሙኒ ያለው ሁለቱንም አዝዞ ተደላድሎ የሆቴሉን ሬዲዮ ይሰማል፤ ስሙኒ የሌለው በሩን ተደግፎ ያንኑ ዘፈን ይሰማል። እኔና አንማው አብዛኛውን ጊዜ የበሩ ወገን ነበርን። ክራር ያለበት ዘፈን የመጣ እንደሆነ አሳላፊዋ ድምፁን ከፍ ታደርግልናለች፤ እግዜር ይስጣት። ከወለጋ መስመር ዓባይን ተሻግረው የሚመጡት ኤንትሬ የጭነት መኪናዎች እያቃሰቱ ሲቆሙ ደግሞ ዘፈኑ ይዋጣል። ሾፌሮቹ ወርደው እግራቸውን ሲያፍታቱ እኛ የመኪናውን ግንባር ጽሑፍ እናነባለን። ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ ያ ሆቴል የቱ ጋ እንደነበር ለመለየት ይቸግረኛል። በሬዲዮው ፈንታ የባጃጅ ሙዚቃ ነው የሚሰማው፤ እሱን ደግሞ በር ተደግፌም አልሰማው።

የተከራየነው ክፍል ከገበያው ጀርባ፣ እትዬ የሻረግ ግቢ ነበር። እትዬ የሻረግ የቡሬን በርበሬ ሰብስበው ለጅምላ ነጋዴ የሚያስረክቡ፣ ሲቆጡ ጎረቤት የሚሰማ፣ ሲራሩም ጎረቤት የማይሰማ ሴት ናቸው። ግቢው ከአጥር እስከ አጥር የተሰጣ በርበሬ ስለነበር እያስነጠስን ነው ፊደል የቆጠርነው። የእኔ አገር ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ቅዳሜ ሄጄ እሑድ ስንቄን ተሸክሜ እመለሳለሁ። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ። የአንማው አገር ግን ከግሽ ዓባይ በኩል ነው፤ የእሱ ስንቅ በገበያተኛ እጅ ይመጣል፣ ገበያተኛም ሆድ አለውና ጎድሎ ይመጣል። ስለዚህ የእኔን ለሁለት እንበላለን፤ በምላሹ እሱ ሒሳብ ያስረዳኛል። አስተማሪው ጥያቄውን ጽፎ ሳይጨርስ መልሱን የሚያውቅ ልጅ ነበር። አባቱ አለቃ ፈንታ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው፤ ልጃቸውን ከፊደል አስቀድመው ቀለም መፍጨት ነው ያስተማሩት። አንማው ስለ አባቱ ሲያወራ ድምፁ ዝቅ ይላል። «አባባ አንድ ጊዜ ነው የሚናገሩ። ሁለተኛ አይናገሩም» ይለኝ ነበር።

ጦሩ የመጣው ከዚህ ልጅ ጣት ነው። አንድ ቀን ልብስ ልናጥብ ፈጣም ወርደን፣ ልብሱ እስኪደርቅ ከወንዙ ዳር የቆረሰውን ጭቃ ሲያሻሽ ሲያሻሽ ፈረስ ወጣው። በሳምንቱ ፈረሰኛ። በወሩ ሁለት ሠራዊት፤ ሃያ ለእሱ፣ ሃያ ለእኔ። ቁመታቸው ከጣት አይበልጥም። የስንደዶ ጦር፣ የጠርሙስ ቆርኪ ጋሻ ይዘዋል። የታሪክ አስተማሪያችን እጁን እያወናጨፈ የሚተርክልን የጥንት ነገሥታት ጭፍሮች ናቸው፤ ጠመንጃ የሚባል ወደ አገር ከመግባቱ በፊት ያሉቱ። ጠመንጃ እንዳናስገባ ተማምለናል። «ጠመንጃ ካለ ፈረስ ለምኑ ነው?» ይላል አንማው፣ ለፈረሶቹ ስለሚሳሳ። የጦር ሜዳው እትዬ የሻረግ ለማገዶ ያስቀመጡት የተነቀለ በር ነው፤ ሁለት ድንጋይ ላይ ጋደም አድርገን ተራራውን በጆንያ ጎዝጉዘን፣ አሮጌ ሰማያዊ ሻሻቸውን ወንዝ አድርገን እንዘረጋበታለን። እያንዳንዱ ሠራዊት ባቄላ የምታህል ነጋሪት የጫነች በቅሎ አለችው። ነጋሪቱ የተማረከበት ተሸነፈ፤ ሕጉ ይኸው ነው።

ፈረሰኛ ሁለት ስንዝር፣ እግረኛ አንድ ስንዝር ይሄዳል። ጠቡ እዚህ ላይ ነበር፤ እያንዳንዳችን በየራሳችን ስንዝር ስንለካ የአንማው እግረኛ የእኔን ፈረሰኛ ሊደርስበት ምንም አይቀረው! ሦስት ቀን ተኮራርፈን በመጨረሻ እትዬ የሻረግ ዘንድ ለዳኝነት ቀረብን። በርበሬያቸውን እየለቀሙ ሁለታችንንም ሰሙን፤ ከዚያ እጃቸውን አራገፉና «ሁለታችሁም እጃችሁን ሰብስቡ። በእኔ ስንዝር ትሄዳላችሁ» ብለው ፈረዱ። በእጃቸው ልክ ዱላ ቆረጥን፤ ነገሩ ተቋጨ። ሁለት ጦር ሲገናኝ ደግሞ አንድ ጎናቸው በፍም የጠቆረ አምስት የበቆሎ ፍሬ እንጥላለን፤ ብዙ ጥቁር የወጣለት ያሸንፋል። አንድ ጊዜ የእትዬ የሻረግ ዶሮ ዕጣችንን ለቅማ በልታው ጦርነቱ እስከ ማግስቱ በእርቅ አደረ።

ከዓመት በላይ የተዋጋነው በጥሬ ጭቃ ነው። ቀለም ከየት ይመጣል? ኋላ አንማው ከከተማው ዳር፣ ኤንትሬ ላይ ጽሑፍ ከሚጽፍ ሰው ጋር ተወዳጀ። ብሩሹን በአኳራጅ ያጥብለታል፤ ሰውዬው የጣሳ ቂጥ ላይ የቀረውን ቀለም ይሰጠዋል። እነዚያን ጣሳዎች ቆጥቦ ቆጥቦ ከአልጋችን ሥር ደረደራቸው። ብርድ ልብሳችን ሳይቀር አኳራጅ ይሸት ነበር። እኔ አጉረመርማለሁ፤ ዛሬ ያንን ብርድ ልብስ ያመጣልኝ ሰው ቢኖር ግን ተሸፋፍኜ እተኛበት ነበር።

ከጥምቀት ማግስት አንድ ገበያተኛ መልእክት ይዞ መጣ። በር ላይ እንደቆመ ተናገረ። «አባትህ እንዲህ ብለዋል። የሥዕሉ ጨርቅ ተለጥፏል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ደርሷል፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ና። እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯልና ከእንግዲህ ሥራው ያንተ ነው ብለዋል።» ሌላ ነገር አልጨመረም፤ የሚጨመርም አልነበረም። ትምህርቱ አበቃ ማለት ነው። አንማው ያን ቀን ምሳ አልበላም።

«ታዲያ ምን ታስባለህ?» አልኩት።

«አባባን እንቢ ማለት አልችልም። እሺም ማለት አቃተኝ» አለ። በሩን፣ ማለቴ የጦር ሜዳውን፣ ትኩር ብሎ ያያል። «ዕጣ ይውጣ። በጦሩ። ካሸነፍኩ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ ትምህርቴን እቀጥላለሁ። ካሸነፍኸኝ እሄዳለሁ።»

«ዕብድ ነህ እንዴ?»

«እንዳትለቅልኝ ደግሞ። የለቀቅህልኝ እንደሆን ዕጣው ዕጣ አይሆንም።»

እሺ አልኩ። በልቤ ግን ልለቅለት ወሰንኩ። እንዳይታወቅብኝ ሁለት ሦስት ፈረሰኛ ማርኬ፣ ጥቂት ጮኬ፣ ከዚያ ነጋሪቴን አሳልፌ ልሰጠው። ወንድም አልነበረኝም፤ አንማው ከሄደ በርበሬ በተሞላ ግቢ ብቻዬን ላስነጥስ ነው። ቅዳሜ ስንቄን ላመጣ አገሬ ስሄድ መንገዱን ሁሉ አሸናነፌን ሳይሆን አሸናነፉን ነበር የማሰላው።

እሑድ ከቀትር በኋላ ጆንያዬን ተሸክሜ ስገባ ሠራዊቱ ተቀብቶ በሩ ላይ ተሰልፏል። አቤት! እንዲያ ያለ ነገር ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ፈረሶቹ ቦራው፣ ዳማው፣ ጉራቻው ተለይተው፤ ካባው ቀይ፣ የልጓሙ ጌጥ ከሲጋራ ወረቀት የተላጠ ብር፤ የቆርኪው ጋሻ ላይ መስቀል። የእሱ ጭፍሮች ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው ሁለት ሁለት ትልልቅ ነጭ ዓይን አፍጥጠውብኛል። ወደ እኔዎቹ ዞርኩ። አንድ አንድ ዓይን ነው ያላቸው። አጎንብሼ አየሁ፤ ከንጉሡ እስከ በቅሎ ሳቢው ሁሉም ባለ አንድ ዓይን።

በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሁሉ ይህን ያውቃል። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሳላል። ከሃዲው፣ ገራፊው፣ ሰይጣኑ በጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ይሳላል። የሠዓሊ ልጅ ደግሞ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይሳሳትም። ደሜ ፈላ። ስንቄን ለሁለት ያካፈልኩት፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ጆንያ ተሸክሜ የመጣሁት፣ ልሸነፍለት የቆረጥኩት እኔ ሰይጣን ሆንኩ? ለምን ብዬ ብጠይቀው ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። አልጠየቅሁም። ኩሩ ነኝ፤ የጎጃም ልጅ ቅሬታውን በልቡ አስቀምጦ በሌላ ነገር ነው የሚወጣው። ጆንያዬን ጥዬ «እንጀምር» አልኩት።

አንማው አብዛኛውን ጭፍራውን ወንዙ መሻገሪያ ላይ አከማችቶ ነበር። በስተግራው ያለችውን ጉብታ ግን ባዶዋን ተዋት፤ ሁለት እግረኛ ቢያስቀምጥባት ይበቃው ነበር። እኔ እንዳሰብኩት ልሸነፍ ከሆነ ማየት የለብኝም። አየኋት። ስድስት ፈረሰኛ በእትዬ የሻረግ ስንዝር እየለካሁ በጉብታው ጀርባ አዞርኩ። እሱ ገባውና አየኝ፤ ልመልሳቸው እችል ነበር። ያን ዓይኑን ባየሁት ቁጥር ግን የሚታየኝ ያ የጭቃ ዓይን ነው። ፍሬውን ጣልኩ፤ አራት ጥቁር። ደግሜ ጣልኩ፤ አምስት። ፈረሰኞቼ የበቅሎዋን ጠባቂዎች ገለባብጠው ነጋሪቱን ያዙ። ዘልዬ ጮኽኩ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ቀን በጦርነት የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

«ወሰድኸው» አለ አንማው።

ጩኸቴ አፌ ላይ ቀረ። ምን እንዳደረግሁ ያን ጊዜ ገባኝ። እንደገና እንጫወት አልኩት፤ ዕጣ ሁለቴ አይጣልም አለኝ። ሰኞ ጠዋት ደብተሮቹን ለእኔ ትቶ፣ ጣሳዎቹን በጨርቅ ቋጥሮ ሄደ። እትዬ የሻረግ ሸኝተውት ተመልሰው በርበሬያቸውን መልቀም ጀመሩ። ሠራዊቱ እኔ ዘንድ ቀርቶ ነበር፤ ክረምት ላይ ጣራው ሲያፈስ ጭቃው ተመልሶ ጭቃ ሆነ።

እኔ ተማርኩ። መምህር ሆኜ ደምበጫ ሠራሁ፣ እዚህ ፍኖተ ሰላም ሠራሁ፣ እዚሁ ጡረታ ወጣሁ። ሒሳብ የሚችል ተማሪ በመሀል ሲቀርብኝ እቤቱ ድረስ እየሄድኩ ወላጅ ስለምን ሰው «መምህር ስሜነህ ትጉህ ነው» ይላል፤ የማንን ዕዳ እንደምከፍል አያውቅም። አንማው መሪጌታ ተብሎ፣ የታወቀ ሠዓሊ መሆኑን እሰማ ነበር። ቅድመ አያቶቼ ተሳልመውት በማያውቁት ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር የእሱን ሥራ አይቻለሁ፤ መላእክቱ ዓይናቸው ትልልቅ ነው። ሁልጊዜም ሳልጠይቅ፣ አድራሻ ሳልቀበል ወጥቼ ሄጃለሁ። ምን ብዬ ልቀርበው?

እና እንግዲህ መደብር ውስጥ አገኘሁት። ዓይኑን ሞራ ሸፍኖት ሁለት ዓመት ያህል ሥራ አቁሞ፣ አሁን እዚሁ ሆስፒታል ተገፎለታል፤ ከሳምንት በኋላ ታይቶ ነው ወደ አገሩ የሚመለሰው። በግድ እቤቴ ወሰድኩት። ነጩን ቀለም ለምን እንደፈለገ ሲነግረኝ ሳቄ መጣ። «ይሄ አዲስ ዓይኔ ምን ያህል እንደሚያይ ሳላውቅ የመልአክ ዓይን መንካት እፈራለሁ። በትንንሽ ነገር ልፈትነው» አለ። ከዚያ ፈገግ አለና «ጭቃ ከየት እናገኛለን?» ሲለኝ ነገ ወንዝ እንወርዳለን አልኩት።

በማግስቱ በባጃጅ ወንዝ ወርደን ጭቃ ጫንን። ሾፌሩ «አባቶች፣ ቤት ልትሠሩ ነው?» ብሎ ጠየቀን። አንማው «ጦር ልናሰልፍ» አለው። ልጁ በመስተዋቱ ቶሎ አየን፤ ፊቱ ጠቆረ። ጊዜው እንዲህ የሚቀለድበት አይደለም። ብርቱካንም ጭቃውን በረንዳዋ ላይ ስታይ «አሁንስ በዚህ ዘመን የጦርነት ጨዋታ! ያለው አነሳችሁ?» አለች። አንማው አንገቱን ዝቅ አድርጎ «እውነትሽን ነው እመቤቴ። ይሄኛው ግን ሲያበቃ የሞተውም ተነሥቶ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል» አላት። እሷም ለመቀመጫው ትራስ አመጣችለት።

እሱ ሲያበጅ፣ እኔ ስንደዶ ስቆርጥ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ድፍረት አገኘሁ። «አንማው፣ የመጨረሻውን ጦርነት ታስታውሳለህ?» አልኩት።

«ስንቱን ተዋግተን የቱን ላስታውስ!»

ነገርኩት። ልለቅለት ቆርጬ እንደነበር፣ ከዚያ እንደተናደድኩ፣ ልመልሳቸው ስችል ስድስቱን ፈረሰኞች እንዳልመለስኩ፣ ሃምሳ ዓመት እንደቆጨኝ። ከጭቃው ቀና ሳይል አዳመጠኝ።

«አላስታውሰውም» አለ። «ተወው ስሜነህ፣ የልጅ ነገር ነው። አባባንም ከቀበርኳቸው ሠላሳ ዓመት አለፈ። ደግሞም እንጀራዬን የበላሁት በብሩሽ ነው፣ ምን ጎደለብኝ?»

ቀለል ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። እንዲያውም፣ አምላክ ይቅር ይበለኝና፣ ቅር አለኝ። ሃምሳ ዓመት የተሸከምኩትን ሸክም ባለቤቱ የእኔ አይደለም አለ! ያን ቀን እራቴን በቅጡ አልበላሁም፤ ብርቱካን ጨጓራዬ ያመመኝ መስሏት ተልባ በጠበጠችልኝ።

አራት ቀን ሙሉ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ቀባ። ብሩሹ አልተንቀጠቀጠም። ትንሿን የካባ ዘርፍ ከጨረሰ በኋላ መነጽሩን አውልቆ፣ አርቆ፣ አቅርቦ ሲያያትና ራሱን ሲነቀንቅ፣ የዓይኑ ፈተና እንዳለፈ ገባኝ። ቤቱ በሙሉ አኳራጅ ሸተተ፤ የአጥር በራችን ግን እስካሁን እንደዛገ ነው። እሑድ ከሰዓት የምግብ ጠረጴዛውን ነጻ አደረግን። ተራራው ትራስ፣ ወንዙ የብርቱካን ሻርፕ፣ መለኪያችንም የብርቱካን ስንዝር፤ ሁለቱንም ያለ ክርክር ሰጠችን። ሠራዊቴን ከሣጥኑ አወጣሁ። ቦራ፣ ዳማ፣ ጉራቻ። ሁሉም ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው።

«ዘንድሮስ ሁለት ዓይን ሰጠኸኝ» አልኩ፤ ለራሴ ያህል ነበር የተናገርኩት።

«ዘንድሮ ነጩ በቃኛ» አለ አንማው፣ ፈረሰኞቹን እየደረደረ። «ያኔማ አለቀብኝ። የራሴን ቀድሜ ቀባሁ፤ ያንተ ላይ ስደርስ የጣሳውን ቂጥ በስንደዶ እየጫርኩ አንድ አንድ አዳረስኳቸው። ጨርሶ ከሚታወሩብህ ብዬ።»

እጁ አየር ላይ ቆመ። አላስታውሰውም ያለኝ ሰው ምን እንደተናገረ አሁን ገባው። ቀና ብሎ አላየኝም። ፈረሰኛውን ዝቅ አድርጎ አስቀመጠው፤ እኔም የት እንዳስቀመጠው ያን ጊዜ አየሁ። ጭፍራው ሁሉ ገና ሣጥን ውስጥ ነው፤ መሻገሪያው ባዶ ነው፤ ነጋሪቱ አልወጣም። ስድስት ፈረሰኛ ብቻ አሰልፏል፤ ስድስቱም በስተግራ ካለችው ጉብታ ላይ ናቸው።

ሃምሳ ዓመት። ቀለም ሲፈጭ፣ መሰላል ላይ ሆኖ ክንፍ ሲስል፣ አባቱን ሲቀብር፣ ያቺን ጉብታ ባዶዋን እንደተዋት ያውቅ ነበር። እኔን ላለማሳዘን ነው አላስታውስም ያለኝ። ተነሥቼ ልወጣ ሁሉ ፈልጌ ነበር።

«እንዳትለቅልኝ» አለ፣ አሁንም ሳያየኝ።

«አልለቅልህም።»

አለቀቅሁለትም፤ ያለኝን ሁሉ ይዤ ገባሁ። ጉብታውን ሁለት ጊዜ መታሁት፤ ሁለቴም ፍሬው ከዳኝና ፈረሰኞቼ አለቁ። ወደ መሻገሪያው ዞርኩ፤ እግረኞቹ አነቁኝ። ብርቱካን መጀመሪያ ላይ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ቆይታ ወንበር ሳበች፤ ቆይታ ደግሞ «እሱን አታንቀሳቅሰው እንጂ!» እያለች ትቆጣኝ ጀመር። አንማው ቀስ እያለ፣ በየተራው መነጽሩን እያስተካከለ፣ ሦስት ፈረሰኛ በጎኔ አሾለከ። ፍሬውን ጣለ። አምስት ጥቁር።

ነጋሪቴን የጫነችውን በቅሎ በሁለት ጣቱ አነሳት። ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ ብዙ አያት። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ብርቱካንም ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። መሀል ላይ የእሱ ሳቅ ሌላ ነገር ሆነ። ሐኪሞቹ ዓይኑን ዕንባ እንዳይነካው አስጠንቅቀውት ነበርና ብርቱካን ንጹሕ ጨርቅ ልታመጣ ሮጠች።

«እንግዲህ አልሄድም ማለት ነው» አለኝ፣ ጺሙ ርሶ። «እቀራለሁ፣ እማራለሁ። ለአባባ ግን ማን ይንገርልኝ ስሜነህ? እኔ እፈራለሁ።»

«እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አልኩት።